ዳርቻው ያማረ፣ ውኃው የሞተ ወንዝ

አዲስ አበባ የወንዞች ከተማ ናት። ከእንጦጦ ተዳፋት የሚነሡት ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔ፣ ባንተይቅጡና ሌሎችም ከተማዋን ከሰሜን ወደ ደቡብ ሰንጥቀው በትልቁና በትንሹ አቃቂ በኩል አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፤ ከዚያም አዋሽን ይቀላቀላሉ። ይህን ያህል ውኃ በሚያቋርጣት ከተማ ለመዝናናት ዓሣ ማጥመድ የሚሻ ነዋሪ ግን መንጠቆውን ይዞ ወደ ቢሾፍቱ ሐይቆች፣ ወደ ቆቃ፣ ወደ ዝዋይ ወይም ወደ ላንጋኖ መሄድ አለበት። በቀበናና በአቃቂ ዋኝተው ያደጉ አዛውንቶች ዛሬም በሕይወት አሉ። የልጅ ልጆቻቸው በዚያው ወንዝ አጠገብ ሲያልፉ አፍንጫቸውን ይይዛሉ።

የወንዞቹ ብክለት ሲነሣ ዛሬ ቶሎ የሚሰጠው መልስ የዳርቻ ልማት ነው። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው «ሸገርን ማስዋብ» ፕሮጀክት 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻን በ29 ቢሊዮን ብር ለማልማት የታቀደ ነበር። ከዚያ ወዲህ በርካታ መናፈሻዎች፣ የእግረኛ መንገዶችና ፏፏቴዎች ተሠርተዋል። አረንጓዴ ቦታ ለተራበች ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሊናቅም አይገባም። ስሕተቱ ያለው አብሮ በተስፋፋው አስተሳሰብ ላይ ነው፤ ዳርቻው ሲያምር ወንዙም እንደ ጸዳ ይቆጠራል። ወንዝ ግን ውኃው እንጂ ዳርቻው አይደለም። በግንብ የታቀፈ፣ አበባ የተተከለበት፣ በማታ መብራት የሚያሸበርቅ ወንዝ ውስጡ አንድም ዓሣ ላይኖረው ይችላል።

ዓሣውን የሚገድለው ምን እንደሆነ በደንብ ይታወቃል። ከተማዋ ከፍሳሽ መስመር ዝርጋታ ቀድማ አድጋለች። አብዛኛው ቤት ለረጅም ዘመን ከመስመሩ ጋር ሳይገናኝ የኖረ ሲሆን፣ በወንዝ ዳር ባሉ ሰፈሮች የሽንት ቤት ቱቦ በቀጥታ ወደ ገደሉ መዘርጋቱ የተለመደ ነው። በክረምት ደግሞ ዝናቡ ሲጠነክር ጠብቆ የሞላ ጉድጓድ ወደ ጎርፉ የሚለቅ አለ። «ወንዝ ይወስደዋል» ይባላል። የጋራዥ ዘይት፣ የመኪና እጥበት ሳሙና፣ የእርድ ተረፈ ምርትና የፋብሪካ ፍሳሽ ይጨመርበታል። ሰገራና የምግብ ትርፍራፊ ውኃ ውስጥ ሲገባ ባክቴሪያዎች ለማብላላት ይረባረባሉ፤ በሥራቸውም በውኃው የሟሟውን ኦክሲጅን ይጨርሱታል። አብዛኞቹ ዓሦች በደህና ለመኖር በሊትር 5 ሚሊ ግራም ያህል ኦክሲጅን ይፈልጋሉ፤ ከ2 ሚሊ ግራም በታች ሲወርድ የሚተርፉት ጥቂቶች ናቸው። በበጋ የወንዙ ውኃ ሲቀንስና ፍሳሹ ሳይቀንስ ሲቀር የታነቀው ውኃ ይጠቁራል፣ ይገማል። ቆዳ ለማልፋት የሚውለው ክሮሚየም ደግሞ ከውኃው ጋር ሄዶ አያልቅም፤ ከደለሉ ጋር ተጣብቆ በወንዙ ወለል ላይ ይቀራል። በዚሁ ውኃ የሚለማው ጎመንና ሰላጣ ከባድ ብረቶች እንደሚገኙበት ተመራማሪዎች ደጋግመው አሳይተዋል።

የዳርቻ ንጣፍ ከእነዚህ አንዱንም አያስቆምም። በአንዳንድ ቦታ ከእግረኛ መንገዱ ጋር የፍሳሽ መስመር መዘርጋቱ እውነት ነው፤ የቃሊቲ ማጣሪያም በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ተደርጎ ተስፋፍቷል። ነገር ግን ማጣሪያ የሚያጠራው ቱቦ የሚያደርስለትን ብቻ ነው። ከቤትና ከፋብሪካ እስከ ዋናው መስመር ያለው ግንኙነት ካልተሟላ ቀሪው ወደ ወንዙ ይወርዳል። ይህ ሥራ መሬት ውስጥ ስለሚቀበር ለምረቃ አያምርም፤ ትችቱም የሚያነጣጥረው ቅድሚያ በሚሰጠው ነገር ላይ ነው።

በአባ ሳሙኤል ዓሣ ይጠመዳልና ውኃው ያን ያህል አልከፋም የሚል መከራከሪያም ይሰማል። ይህ አደገኛ ማጽናኛ ነው። አምባዛ ከአየር መተንፈስ የሚያስችለው ተጨማሪ አካል ስላለው ሌሎች ዓሦች ባለቁበት ውኃ ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ በቆሸሸ ውኃ የተያዘ አምባዛ ስለ ራሱ ጥንካሬ እንጂ ስለ ውኃው ንጽሕና አይመሰክርም። ሊታዩ የሚገባቸው በቀላሉ የሚጎዱት ናቸው፤ ጠጠራማ ወለልና ኦክሲጅን የበዛበት ወራጅ ውኃ የሚወዱ የወንዝ ዓሦች። የግድቡን ገጽ የሚያለብሰው እምቦጭም የሚፋፋው ከከተማው በሚወርደው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ነው።

ለመዝናናት ዓሣ ማጥመድ የጥቂቶች ቅንጦት ተደርጎ ስለሚታይ ከጉዳቱ መዝገብ ውስጥ አይገባም። መኪናና የቅዳሜ ዕረፍት ያለው ሰው ወደ ቆቃ ይሄዳል። የቀረው ሕዝብ፣ በተለይም ሕፃናት፣ በሰፈራቸው በክርና በመንጠቆ ሊያገኙት ይችሉ የነበረውን ርካሽ ደስታ አጥተዋል። ወደ ቆቃ የሄደውም ቢሆን አላመለጠም። ከአባ ሳሙኤል የሚወጣው ውኃ አዋሽን ተቀላቅሎ ቆቃ ይገባል። የቆቃ ውኃ መርዛማ አልጌ እየወረረው አረንጓዴ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ አጥማጁ ከከተማው የሸሸው ቆሻሻ ቀድሞት ደርሶ ይጠብቀዋል። አዋሽ ባሕር የማይደርስ ወንዝ ስለሆነ ቆሻሻውን ባሕር ይወስደዋል ብሎ መጽናናት አይቻልም፤ ወንዙ እስከ አቤ ሐይቅ ድረስ በሰዎች፣ በከብቶችና በእርሻዎች መካከል ይጓዛል።

ደሃ አገር መጀመሪያ ዳርቻውን ያስውብ፣ ውኃው በኋላ ይጸዳል የሚለው ክርክር በታሪክ ተፈትኗል። በለንደን በቴምዝ ዳር የተሠራው የቪክቶሪያ ጎዳና እ.ኤ.አ. በ1870 ሲከፈት ከበታቹ ዋና የፍሳሽ መስመር ነበረው፤ መናፈሻውና ቱቦው አብረው ተሠሩ። ያም ሆኖ ፍሳሹ በደንብ ሳይጣራ ከከተማው በታች ይለቀቅ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1957 የቴምዝ የከተማው ክፍል ሕይወት አልባ ተብሎ ተነገረለት። ዓሣ የተመለሰው የማጣሪያ ጣቢያዎቹ ተስፋፍተው በአግባቡ መሥራት ሲጀምሩ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ሳልሞን ተገኘበት። ያንን ውኃ ያዳነው ከመሬት በታችና ከከተማው ውጭ የተሠራው ሥራ ነው።

በአዲስ አበባም ሕግ አልጠፋም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ ሆኖታል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከተማ አስተዳደሩ የወንዝ በካዮችን የሚቀጣ ደንብ አውጥቷል። ቅጣቱ ግን መስመር ያልተዘረጋለትን ድሃ ቤት ብቻ እያሳደደ ትልልቆቹን ለቃቂዎች ካለፈ ፍትሕም ውጤትም አይኖረውም። የሚቀጥለው የወንዝ ዳር በጀት ሲቀርብ የከተማው ምክር ቤት ስንት ቤትና ስንት ፋብሪካ ከፍሳሽ መስመር ጋር እንደተገናኘ፣ በአቃቂ ድልድይ ሥር ያለው ውኃም በበጋ ምን ያህል ኦክሲጅን እንዳለው መጠየቅ አለበት። መልሱ በየወሩ ለሕዝብ ይፋ እስካልሆነ ድረስ ወንዞቹ ጸድተዋል ሊባል አይገባም።