በገበታ ላይ ስለሚሰለፍ ትንሽ ሠራዊት

ልጁ በአሻንጉሊት ወታደር ሲጫወት ያየ ወላጅ፥ ልጁ ከቤት ሳይወጣ ዝም ብሎ በመቀመጡ ደስ ይለዋል፤ ነገር ግን ይህ ጨዋታ የሰውን ሕይወት ማጥፋት በልጁ ልብ ያቀልበት ይሆን ብሎ ደግሞ ይሠጋል። ይልቁንም ልጁ አድጎ ጢም ካበቀለ በኋላ፥ ሌሊቱን በመብራት ሥር ተቀምጦ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ወታደር በቀጭን ብሩሽ ሲቀባ ያገኘው እንደ ሆነ፥ ሥጋቱ ወደ ቍጣ ይለወጣል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የዚህን ጨዋታ ነገር ከሥሩ መርምረን፥ ለቤተ ሰብ የሚጠቅመውን ከሚጎዳው ለይተን ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ አስበናል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጦርነትን በገበታ ላይ መጫወት አዲስ ነገር አይደለም። የአገራችን መኳንንት ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ንጉሡንና ፈረሱን ያሰልፉ እንደ ነበር የታወቀ ነው። የጀርመን አገር ሰዎችም ከዚሁ ከሰንጠረዥ ተነሥተው፥ በ18ኛው መቶ ዓመት የጦር ሜዳን የሚመስል ሰፊ ገበታ አወጡ። በ1824 ዓ.ም. ፎን ራይስቪትዝ የተባለ የፕሩስያ መኰንን፥ አባቱ የጀመረውን ሥራ አሻሽሎ በካርታ ላይ የሚደረግ የጦር ጨዋታ ለሹማምንቱ አቀረበ፤ የፕሩስያም ጦር መኰንኖቹን ያሠለጥንበት ጀመር። በዚያ ጨዋታ የጦር ክፍል የሚታወቀው በቀይና በሰማያዊ ቀለም በተለዩ ትንንሽ ቍራጮች ነበር፤ አንድ ቍራጭ ከካርታው ሲነሣ በእርሱ ፈንታ የወደቀው ሰው መልኩ አይታይም ነበር። ይህን ነገር አንባቢዎቻችን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን፤ በኋላ እንመለስበታለንና።

ጨዋታውን ከመኰንኖች ካርታ ወደ ቤተ ሰብ ወለል ካወረዱት ሰዎች ዋነኛው እንግሊዛዊው ደራሲ ኸርበርት ጆርጅ ዌልስ ነው። ይህ ሰው በ1898 ዓ.ም. ባሳተመው ልቦለድ፥ ከማርስ የመጡ ፍጥረቶች ምድርን እንደ ወረሩ አድርጎ በመጻፉ በዓለም ሁሉ ታውቋል። በ1913 ዓ.ም. ደግሞ «ትንንሽ ጦርነቶች» የተባለ መጽሐፍ አወጣ፤ በእርሱም የአሻንጉሊት ወታደሮችን በወለል ላይ አሰልፎ፥ የእንጨት ጥይት በሚወረውር ትንሽ መድፍ እየመቱ የሚጫወቱበትን ሕግ ደነገገ። ጦርነትን የሚወዱ ሰዎች ምኞታቸውን በአሻንጉሊት ቢወጡት ለዓለም ሁሉ በተሻለ ነበር የሚልም አሳብ ነበረው። መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ፥ በ1914 ዓ.ም. ታላቁ ጦርነት ተነሣ፤ ዌልስም እስከ 1946 ዓ.ም. በሕይወት ስለ ቈየ ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ጭምር አይቶ ሞተ። ስለዚህ አሻንጉሊት ጦርነትን ያስቀራል ብሎ ተስፋ ማድረግ ከንቱ መሆኑን ታሪክ አሳይቶናል። ጦርነትን ያመጣል ብሎ መፍራትም እንዲሁ ማስረጃ የለውም፤ መንግሥታት የተዋጉት ስለ መሬትና ስለ ሥልጣን ነውና።

ዛሬ ወጣቶችን በብዙ የሚስበው ጨዋታ ግን ከዚህ በኋላ የተወለደ ነው። በ1975 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ሦስት ወዳጆች «ጌምስ ወርክሾፕ» የተባለውን ኩባንያ አቆሙ። ሥራቸው በመጀመሪያ ከእንጨት የመጫወቻ ገበታ መሥራት ነበር፤ ከሠሯቸውም ገበታዎች አንዱ የገበጣችን ወገን የሆነው ማንካላ ነው። ኩባንያው በኋላ መቀመጫውን ኖቲንግሃም በተባለው ከተማ አደረገ፤ በ1987 ዓ.ም. ሪክ ፕሪስትሊ የተባለው ሰው የጻፈውን «ዋርሃመር 40,000» አወጣ። ታሪኩ የሚሆነው በ41ኛው ሺህ ዓመት ነው፤ የሰው ልጅ በከዋክብት መካከል ተበትኖ፥ ከራሱ ወገንና ከባዕዳን ፍጥረቶች ጋር ያለ ዕረፍት የሚዋጋበት የጨለማ ዘመን ነው። ሁለት ተጫዋቾች ሠራዊታቸውን በገበታ ላይ አሰልፈው፥ ርቀቱን በመለኪያ እየለኩ፥ ስድስት ገጽ ያለውን ዕጣ እየጣሉ ይዋጋሉ።

ይህ ጨዋታ ከሌሎች የሚለይበት ነገር፥ ከመጫወቱ አስቀድሞ ያለው ሥራ ከጨዋታው መብለጡ ነው። ወታደሮቹ በአብዛኛው የሚሸጡት ተገጣጥመውና ተቀብተው አይደለም፤ አመድማ ፕላስቲክ ሆነው፥ ራሱ፥ ክንዱ፥ አካሉና መሣሪያው ለየብቻ በአንድ ክፈፍ ላይ ተያይዘው ነው። ቁመታቸው 28 ሚሊሜትር ያህል ነው። ገዢው ክፍሎቹን በፒንሳ ቈርጦ፥ ከማፍሰሻው የቀረውን ቀጭን መስመር በስለት ወይም በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ያስተካክላል፤ ከዚያ በኋላ ፕላስቲኩን ጥቂት በሚያቀልጥ ማጣበቂያ ሁለቱን ክፍል እንደ አንድ አካል ያደርገዋል።

ቅቡም የራሱ ሥርዐት አለው። በመጀመሪያ መላው አካል ጥቁር፥ ነጭ ወይም ግራጫ መነሻ ቀለም ይቀባል፤ ያለዚያ በላዩ የሚደረገው ቀለም ፕላስቲኩን አይጨብጥም። ቀጥሎ ጥሩሩ፥ ልብሱና ቆዳው እያንዳንዱ የየራሱን ቀለም ይለብሳል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ትንሽ አካል ከቤት መብራት የሚያገኘው ጥላ ለዐይን የማይበቃ ስለ ሆነ፥ ብርሃኑንና ጥላውን ሠዓሊው ራሱ ሊሥለው ይገባል። ስለዚህ በጣም የቀጠነ ጥቁር ወይም ቡናማ ቀለም በላዩ ያፈስሳል፤ ቀለሙም ወደ ስርጕዱ ወርዶ ሲደርቅ ጥላ ይሆናል። ከዚያ ብሩሹን በጨርቅ ጠርጎ፥ የቀረችውን ጥቂት ነጣ ያለች ቀለም ወጣ ባለው ጠርዝ ላይ ብቻ ያሻታል፤ ይህም ብርሃን ያረፈበት ያስመስለዋል። በመጨረሻ ዐይኑ ይሣላል፤ እግሩ የሚቆምበትም መሬት በአሸዋና በጠጠር ይለብሳል።

ጀማሪን ሁሉ የሚያሰናክለው ቀለሙን ሳያቀጥኑ መቀባት ነው። ወፍራም ቀለም በጥሩሩ ላይ የተቀረጸውን ሁሉ ይደፍናል፤ የወታደሩም ፊት በሰም የተለበጠ ይመስላል። ስለዚህ ቀለሙን በውኃ አቅጥኖ አንድ ጊዜ መቀባት፥ እስኪደርቅ መታገሥ፥ ሁለተኛም መቀባት ይሻላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፥ በአንድ ምሽት ሃያ ወታደር እፈጽማለሁ ያለ ሰው በማግሥቱ ሃያውን አጥቦ እንደ ገና ይጀምራል።

ከቅቡ በላይ ጥበብን የሚጠይቀው ግን የወታደሩን መልክ መለወጥ ነው። በ1987 ዓ.ም. በወጣው አንድ ሣጥን ውስጥ 30 የፕላስቲክ ወታደሮች ነበሩ፤ ክፍሎቻቸውም የተለያዩ ስለ ነበሩ የአንዱን ክንድ ለሌላው፥ የሌላውን ራስ ለአንዱ ማድረግ ይቻል ነበር። በዚያ መጀመሪያ ዘመን የጨዋታው ባለቤቶች ራሳቸው፥ ባዶ የብብት ሽቱ ዕቃ ከአሻንጉሊት ቍርጥራጭ ጋር ተያይዞ ከምድር ከፍ ብሎ የሚንሳፈፍ የጦር ሠረገላ እንዴት እንደሚሆን ለተጫዋቾቻቸው አሳይተዋል። ዛሬም ሥራውን የሚወዱት ሰዎች ክንዱን በቀጭን መጋዝ ቈርጠው፥ በትንሽ መሰርሰሪያ በስተው፥ የነሐስ ሽቦ አግብተው በሌላ አኳኋን ያቆሙታል። የጐደለውንም ቢጫና ሰማያዊ ሆኖ በሚሸጥ፥ በእጅ ሲለወስም አረንጓዴ በሚሆን ሊጥ መሳይ ነገር ይሞሉታል፤ ከዚህም ሊጥ መሣሪያውን በውኃ እያራሱ ካባ፥ ጠጕር ወይም የቍስል መጠቅለያ ይቀርጹበታል፤ በጥቂት ሰዓትም ውስጥ ይደነድናል።

ይህን ሥራ የጨዋታው ሕግ ራሱ ያከብረዋል። በ2020 እና በ2023 ዓ.ም. በወጡት የሕግ መጻሕፍት፥ ሠራዊቱን ፈጽሞ ቀብቶ የመጣ ተጫዋች ከ100 ነጥብ 10ሩን በዚሁ ብቻ ያገኛል። ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮም «ጎልደን ዲመን» የተባለ የቅብ ውድድር ተቋቁሟል፤ ከሁሉ የበለጠው ሠዓሊ የሚሸለመው እንደ እውነተኛው ያለ ትልቅ ሰይፍ ነው። እንግዲህ በዚያ ቦታ ሰይፍ የሚሰጠው ብዙ ለገደለ ሳይሆን ብሩሹን በትዕግሥት ለያዘ መሆኑ መልካም ነገር ነው።

አሁን ወደ ወላጅ ሥጋት እንመለስ። ፋብሪካ ከአንድ ማፍሰሻ ሺህ ወታደር ሲያወጣ ሺሁም አንድ መልክ አላቸው። ልጁ ግን አንዱን ወስዶ ጠባሳ ይሥልለታል፤ የሌላውን ራስ ወደ ጐን ያዞራል፤ ሦስተኛውን የቈሰለ ባልንጀራውን ደግፎ እንዲቆም ያደርገዋል፤ ስምም ያወጣላቸዋል። ሦስት ምሽት የደከመበት ያ ወታደር በዕጣ ተመትቶ ከገበታው ሲነሣ፥ ልጁ አንድ ጐደለ ብሎ አያልፍም፤ የጐደለው ማን እንደ ሆነ ያውቃል። የፕሩስያው መኰንን በካርታው ላይ በቀይ ቍራጭ ያየውን ሠራዊት፥ ይህ ልጅ በፊትና በስም ያየዋል። ይህ ብቻውን ልብን ያራራል ብለን አንምልም፤ ቀብቶም የሚጨክን ይኖራል። ነገር ግን የሰው ቍጥር ከሰው ፊት እንዲለይ መማር፥ ኋላ ሹም ሆኖ ሰው ለሚያዝ ልጅ የሚጎዳ ትምህርት አይደለም።

እውነተኛው አደጋ ያለው በሌላ በኩል ነው። የጨዋታው ታሪክ ጨካኝ መንግሥትንና ጥላቻን የሚያሳይ ስለ ሆነ፥ ይህን ማላገጫ እንደ ምሳሌ አድርጎ የሚይዝ ሞኝ አይጠፋም። ኩባንያውም ይህን ዐውቆ፥ በ2021 ዓ.ም. በኖቬምበር ወር ያ ጨካኝ መንግሥት ማስጠንቀቂያ እንጂ የሚመኙት ነገር እንዳይደለ፥ ጥላቻን ይዞ ለሚመጣም በጨዋታው ቦታ እንደሌለው በግልጥ አስታውቋል። ስለዚህ ወላጅ ልጁ የሚቀባውን ብቻ ሳይሆን፥ ታሪኩን እንዴት እንደሚተረጕመው መስማት ይገባዋል።

ገንዘቡም ሊታሰብ ይገባል። የነዚህ ወታደሮች ዋጋ ቀላል አይደለም፤ ብዙ ሰዎች ሣጥን በሣጥን ላይ ገዝተው ሳይከፍቱት ያስቀምጣሉ፤ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ይህን «የኀፍረት ክምር» ብለው ይጠሩታል። ለዚህ መድኀኒቱ አንድ ነው፤ ልጁ አምስት ወታደር ተሰጥቶት አምስቱን ሳይፈጽም ስድስተኛ እንዳይገዛለት ማድረግ ነው። በዚህም የጀመሩትን መጨረስ የሚባለውን ትልቅ ጠባይ ከትንሽ ነገር ይማራል።

ስለ ጤናም ጥቂት ምክር እንጨምር። ድሮ የተሠሩት የብረት ወታደሮች እርሳስ ያለባቸው ስለ ሆኑ፥ እነርሱን የሞረደ ሰው ብናኙን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረግ፤ እጁንም ሳይታጠብ እህል አይንካ፤ ለሕፃናትም አይስጣቸው። ብሩሽን በምላስ ማሾል ክፉ ልማድ ነውና ከመጀመሪያው ይከልከል። የሚነፋው መነሻ ቀለም ከቤት ውጭ ይነፋ። ሬዚን ከተባለው ነገር የተሠራውን የሚፍቅ በውኃ እያራሰ ይፋቅ፤ አፍና አፍንጫውንም ይሸፍን። ስለት ሲይዙ ወደ ራስ ሳይሆን ወደ ውጭ መቍረጥ ይገባል፤ ለትንሽ ልጅ ግን ስለቱን አባቱ ወይም እናቱ ይያዙለት።

በመጨረሻም የምንመክረው ይህ ነው። ልጁን በገበታው ላይ ጐንበስ ብሎ ያገኘው ወላጅ፥ ብሩሹን ነጥቆ ከመጣሉ በፊት ወንበር ስቦ ከጐኑ ይቀመጥ፤ ከወታደሮቹም አንዱን አንሥቶ «ይህ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቀው። ልጁ ስለዚያ ወታደር የሚናገረው ነገር ካለው ሥራው ከንቱ አልሆነም፤ የሚናገረው ከሌለው ግን ሌላ ሣጥን ከመግዛት በፊት አባትና ልጅ ሊነጋገሩበት የሚገባ ነገር አለ።