ስለ ቅባቱ ጠየቃችሁኝ፤ ስለ ማዕዱም ጠይቁኝ

ረመዳን በገባ ቁጥር ወጣቶች ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ፊት ላይ የሚቀባ ቅባት ጾም ያፈርሳል ወይ?» ይሉኛል። መልሱ አጭር ነው። በቆዳ ላይ የሚቀባ ነገር ምግብም መጠጥም ስላልሆነ ጾም አያፈርስም፤ አብዛኞቹ ዑለማዎች የሚሉት ይህንኑ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ያልተጠየቅሁት ነው። ለፊታቸው ይህን ያህል የሚጨነቁ ልጆቻችን ማታ ምን እንደሚበሉ የሚጠይቀኝ የለም።

እስኪ ማዕዳችንን እንመልከት። የመግሪብ አዛን ሲሰማ በብዙ ቤት ቀድሞ የሚነሳው በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ ነው፤ ለስላሳና ጣፋጭ ይከተላል። ሆድ ከሞላ በኋላ አትክልቱ ይተርፋል፣ ውሃውም ይረሳል። ለሱሁር መነሳትም ይከብዳል። ወሩን እንዲህ ያሳለፈ ሰው ፊቱ ቢደርቅ ወይም ብጉር ቢያወጣ ጾሙን ሊወቅስ አይገባም። ስኳር የበዛበት አመጋገብ ብጉርን ሊያባብስ እንደሚችል ሐኪሞች ይናገራሉ።

ቆዳም እንደ ልብና እንደ ጉበት ሁሉ የሚኖረው ከምንበላው ነው። ቆዳን የሚያጠነክረውን ኮላጅን ለመሥራት ሰውነት ፕሮቲንና ቫይታሚን ሲ ይፈልጋል። ቫይታሚን ኤ ሲጎድል ቆዳ ይደርቃል፣ ይሻክራል፤ ዚንክ ሲጎድል ቁስል ቶሎ አይድንም። በ1977ቱ ድርቅ ቆዳቸው የተላጠ፣ የጸጉራቸው ቀለም የተለወጠ ሕፃናትን ያየን ሰዎች ይህን ከመጽሐፍ መማር አላስፈለገንም።

መድኃኒቱ ደግሞ ከጉሊት አይጠፋም። ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ ፕሮቲንና ዚንክ ይሰጣሉ። ካሮት፣ ጎመንና ማንጎ ለቫይታሚን ኤ፣ ብርቱካን፣ ፓፓያ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ለቫይታሚን ሲ ይሆናሉ። እናቶቻችን የሚበጠብጡልን ተልባም ለሰውነት የሚበጅ ቅባት አለው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በእሸት ተምር፣ እሱ ካልተገኘ በደረቅ ተምር፣ እሱም ከታጣ በውሃ ያፈጥሩ እንደነበር ተዘግቧል። ሱሁር በረካ እንዳለውም አስተምረውናል። እኛም በተምርና በውሃ ጀምረን፣ የምስር ሾርባ ቀምሰን፣ ከሶላት በኋላ እንጀራውን ከጎመንና ከወጡ ጋር ብንበላ ምን ይጎድልብናል? ሳምቡሳው ሐራም አይደለም፤ አንድ ይበቃል። ውሃውን እስከ ሱሁር ድረስ ጥቂት በጥቂት እንጠጣ። ለሱሁርም ቂንጬ፣ እንቁላልና ፍራፍሬ ከጣፋጭ ይሻላሉ። ብሉ፣ ጠጡ፣ ግን አታባክኑ የሚለው የሱረቱል አዕራፍ ትእዛዝ ለኢፍጣር ማዕድም ነው።

ይህን የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ረመዳን መጨረሻ አንድ አባት ልጁን ይዞ መጣ። ልጅቱ ለዒድ ፊቷ እንዲቀላ ብላ ምን እንዳለበት ያልተጻፈ ቅባት ገዝታ ተቀብታ ፊቷ ተቃጥሎ ነበር። አባትየው የፈለገው ዱዓ ነው። ዱዓውን አደረግሁና ወደ ቆዳ ሐኪም ላክኋቸው። ልጅቱ ግን ሰው እንዳያያት ብላ ለዒድ ሶላት ሳትወጣ ቀረች። እንዲህ ካሉት ቅባቶች አንዳንዶቹ ኩላሊት የሚጎዳ ሜርኩሪ፣ ሌሎቹም ቆዳ የሚያሳሱ ብርቱ መድኃኒቶች አሉባቸው። በሱረቱ ሩም የቀለማችን መለያየት ከአላህ ተአምራት አንዱ ሆኖ ተቆጥሯል። ታዲያ ጥቁረታችን መቼ እንከን ሆነና ነው በኬሚካል የምንፍቀው?

ወላጆች ሆይ፣ ለልጆቻችሁ መልካቸው ያማረ መሆኑን ንገሯቸው። ለቅባት የሚወጣውን ገንዘብ ለምስሩና ለፍራፍሬው አድርጉት። ጎረቤት ስታስፈጥሩም ከሳምቡሳው ጋር ሾርባና ብርቱካን ላኩ፤ የእሱም ልጅ ቆዳ አለው።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን። ረመዳን ሙባረክ።