ነገርን ከሥሩ

ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ጣርማ በር ሲደርስ ጉም ይለብሳል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቆፈረውን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው ቁልቁለትም የመኪና ፍሬን የሚፈተንበት ነው። በዚህ ቁልቁለት መኪና ተገልብጦ ሰው ያለቀ እንደሆነ፥ ወሬው ከተማ ሲገባ ፍርዱም አብሮት ይገባል፤ «ሾፌሩ ነው» ይባላል። ሾፌሩ ከተረፈ ራሱ ይከሰሳል፤ ከሞተም ስሙ ይከሰሳል፤ ነገሩም በዚሁ ይዘጋል። ሌላ መኪና በዚያው ሥፍራ ሲገለበጥ ያው ቃል ይደገማል።

አባቶቻችን «ውሃን ከጥሩ፥ ነገርን ከሥሩ» ብለዋል። ይህን ምሳሌ በተግባር የሚፈጽሙት በዛሬው ዘመን የአይሮፕላን አደጋ መርማሪዎች ናቸው። ኢትዮጵያ በ1937 ዓ.ም. በቺካጎ በተደረገው የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ላይ ከፈረሙት መንግሥታት አንዷ ናት። የዚህ ስምምነት 13ኛ አባሪ፥ የአደጋ ምርመራ ብቸኛ ዓላማ ሌላ አደጋን መከላከል መሆኑን፥ ጥፋተኛን መለየት ግን የምርመራው ሥራ አለመሆኑን ይደነግጋል። ቅጣት የፍርድ ቤት ሥራ ነው፤ መርማሪው የሚጠይቀው «ለምን ሆነ?» ብሎ ነው።

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣ አይሮፕላን ወዲያው ተከስክሶ፥ ከ104 ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 35ቱ ሞቱ። ምክንያቱ ሲመረመር ሁለቱም ሞተሮች ርግቦች ስበው ማስገባታቸው ተገኘ። «አብራሪው ነው» ብሎ ነገሩን የዘጋ ሰው ርግቦቹን ከቶ ባላገኛቸውም ነበር።

ከዚህ የከበደው ግን መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የደረሰው ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው ቦይንግ 737 ማክስ በስድስት ደቂቃ ውስጥ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ በኢንዶኔዥያ ተመሳሳይ አይሮፕላን ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። በዚያም ወራት በአሜሪካ ምክር ቤት ሳይቀር፥ በአሜሪካ የሠለጠነ አብራሪ ቢሆን ኖሮ አይሮፕላኑን ያድነው ነበር የሚል ድምፅ ተሰማ። ይህ «ሾፌሩ ነው» ከሚለው ከጣርማ በሩ ፍርድ በምን ይለያል?

ጥቁሩ ሣጥን በፈረንሳይ አገር ሲነበብ ሌላ ነገር ተገለጠ። የነፋሱን ማዕዘን የሚለካ አንድ መሣሪያ የተሳሳተ ቁጥር ሰጠ፤ ኤምካስ የተባለው አዲስ ሥርዓትም ያን ቁጥር አምኖ የአይሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ምድር ደፋው። አይሮፕላኑ ሲሸጥ የዚህ ሥርዓት ነገር በአብራሪዎች መጽሐፍ አልተጻፈም ነበር፤ ፋብሪካውም ሲሙሌተር በሚባለው መሣሪያ ልዩ ልምምድ አያስፈልግም ይል ነበር። ከምርመራው ወዲህ ግን ሥርዓቱ ሁለት መለኪያዎችን እንዲያመሳክር ተደረገ፤ አብራሪዎችም በሲሙሌተር እንዲሠለጥኑ ታዘዘ። አየር መንገዳችንም አይሮፕላኑን ዳግመኛ ማብረር የጀመረው በጥር 2014 ዓ.ም. ነው።

ይሁን እንጂ እውነትን የሚወድ ሰው የማይጥመውንም መስማት አለበት። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መርማሪዎች የመጨረሻውን ሪፖርት ሲያወጡ፥ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች የኤምካስን ጥፋት ተቀብለው፥ የአብራሪዎቹ አሠራር ግን በሚገባ አልተመረመረም አሉ። መለኪያው ስለተበላሸበት ምክንያትም አልተስማሙም፤ የእኛዎቹ የኤሌክትሪክ ጉድለት ሲሉ፥ የእነዚያ ግን ምናልባት ወፍ መትቶት ይሆናል አሉ። ይህን መስማት አገርን መካድ የሚመስለው ወጣት ካለ ተሳስቷል። ሟችን መውቀስና ሥልጠናን መመርመር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። «ምን ተምሮ ነበር? ምን መጽሐፍ ተሰጠው? በዚያች ቅጽበት ፊቱ የታየው ምን ነበር?» ብሎ መጠየቅ፥ ነገ ለሚበርረው ወጣት መቆርቆር ነው።

እንግዲህ ይህ ልማድ ከሰማይ ወደ ምድር መውረድ አለበት። የዓለም የጤና ድርጅት በ2016 ዓ.ም. እንዳስታወቀው፥ በዓለም መንገዶች በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይሞታሉ። የትራፊክ ፖሊስ ጥፋተኛን ለፍርድ ማቅረቡ ተገቢ ነው፤ እርሱ ብቻውን ግን የሚቀጥለውን ተጓዥ አያድንም። ሾፌሩ ስንት ሰዓት ሳይተኛ ነዳ? ፍሬኑን ማን መረመረው? ረጅም ቁልቁለት በዝቅተኛ ማርሽ እንደሚወረድ አስተማሪው አሳይቶታልን? ጉም ሲወርድ የመንገዱን ጠርዝ የሚያሳይ ምልክት ነበርን? ሥራው ይህን መጠየቅ ብቻ የሆነ፥ ከከሳሽነት የተለየ፥ መልሱንም ለሕዝብ የሚገልጽ መርማሪ ለመንገድም ያስፈልጋል።

ይህ እስኪቋቋም ድረስ ግን ወጣት ሹም እጁን አጣጥፎ ሊቀመጥ አይገባም። ነገ ጠረጴዛው ላይ የአደጋ ፋይል ሲቀርብለት የጥፋተኛውን ስም አንብቦ ከመፈረሙ በፊት፥ ምክንያቱ ተጽፎ እንደሆነ ይጠይቅ። በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ምሕንድስና የሚማሩትም ጣርማ በር ከደጃቸው ሩቅ አይደለምና፥ ሜትርና ደብተር ይዘው ይውጡ፤ ቁልቁለቱን ይለኩ፤ መኪና የሚገለበጥበትን ሥፍራ በካርታ ላይ ምልክት ያድርጉበት። ለሟች ማልቀስ የወግ ነው፤ ሞቱን አስተማሪ ማድረግ ግን የተማረ ሰው ዕዳ ነው።