የአንድ ብልቃጥ ሒሳብ

አንድ ትንሽ የአቫስቲን ብልቃጥ 4 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ይይዛል። ለካንሰር ሕመምተኞች በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ለዓይን ሲሆን ግን አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያስፈልገው 0.05 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። በወረቀት ላይ ሲካፈል ለ80 ዓይን ይደርሳል። መርፌው ውስጥ የሚቀረውና የሚባክነው ሲቀነስ ቁጥሩ ብዙ ይወርዳል። ይውረድ፤ ለአንድ ሕመምተኛ ተብሎ የተመረተ ብልቃጥ አሁንም ለደርዘን ሰዎች ይበቃል። ይህ ሒሳብ ለሃያ ዓመታት ያህል ሐኪሞችን፣ ኩባንያዎችንና ፍርድ ቤቶችን ሲያነታርክ ኖሯል።

መርፌው በዋናነት የሚሰጥበት የዓይን በሽታ በእርጅና የሚመጣ የማኩላ መጎዳት ነው። ማኩላ ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የውስጥ ሽፋን፣ የረቲናው፣ መሐል ነው፤ ፊት የምንለይበት፣ ፊደል የምንቆጥርበት፣ መርፌ ላይ ክር የምናስገባበት። ሲጎዳ ዳር ዳሩ ይታያል፣ መሐሉ ይጠፋል። ሜሪላንድ ልጇ ዘንድ የምትኖር አክስቴ ነገሩን ከሐኪም በተሻለ ገልጻልኛለች፦ «ሰው ሲመጣ ጆሮውን አየዋለሁ፤ ፊቱ ግን የለም። ቤተ ክርስቲያን ማን እንደሳመኝ በድምፁ ነው የማውቀው።» እዚህ ኢትዮጵያ እያለች የበሩ መቃን ጠመመብኝ ስትል የሰማችው መልስ «እማማ፣ እርጅና ነው እኮ!» የሚል ነበር። ዘመድም ይህንኑ አላት፤ ነጭ ጋውን የለበሰም ይህንኑ አላት።

ይህ አባባል በጣም ያናድደኛል። በሽታው ሁለት ዓይነት ነው። ደረቁ ቀስ እያለ በዓመታት ይሄዳል። እርጥቡ የሚባለው ግን ከረቲናው ሥር ደካማ የደም ሥሮች አብቅሎ ደምና ውኃ ያፈስሳል፤ ቀጥ ያለውን መሥመር የሚያጣምመው ይህ ፍሳሽ ነው። ሳይታከም ከቆየ ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳውን ደግሞ የሚመልስ መድኃኒት የለም። ስለዚህ ጉዳዩ በሳምንታት የሚቆጠር ነው። እርጅና ነው ተብሎ ቤት የተቀመጠ ሰው ያጣው መታከም የሚችልበትን ጊዜ ነው።

ወደ ብልቃጡ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1989 ናፖሊዮኔ ፌራራ የተባለ ጣሊያናዊ ተመራማሪ፣ ካሊፎርኒያ በሚገኘው ጄነንቴክ ኩባንያ ውስጥ ሆኖ አዳዲስ የደም ሥር እንዲበቅል የሚያዝዝ ፕሮቲን ለየ። ያንን ፕሮቲን የሚያስር መድኃኒት ተሠራ፤ አቫስቲን ተብሎ በ2004 ለአንጀት ካንሰር ተፈቀደ። ለዓይን ደግሞ ያው ኩባንያ ከተመሳሳይ ምንጭ አነስ ያለ ቅንጣቢ ሠርቶ ሉሴንቲስ አለው። ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል።

ሉሴንቲስ ገና በምርመራ ላይ ሳለ፣ በ2005 ማያሚ ውስጥ በባስኮም ፓልመር የዓይን ተቋም የሚሠራው ዶክተር ፊሊፕ ሮዘንፌልድ መጠበቅ አቃተው። የሕመምተኞቹ ዓይን እየጨለመ ነው፤ ፈቃድ ያገኘው ታላቅ ወንድም ደግሞ ፋርማሲ ውስጥ ተቀምጧል። ከአቫስቲን ጥቂት ቀድቶ ዓይን ውስጥ ወጋ። ፍሳሹ ደረቀ። ወሬው በወራት ውስጥ በዓለም የዓይን ሐኪሞች ዘንድ ተዳረሰ። ሉሴንቲስ በሰኔ 2006 ሲፈቀድ የአንዱ መርፌ ዋጋ ወደ 2,000 ዶላር ተጠጋ፤ የተካፈለው አቫስቲን 50 ዶላር ገደማ ነበር።

ሉሴንቲስን ማቃለል አልፈልግም። የቀረቡት ጥናቶች በእውነት አስደናቂ ነበሩ፤ ከዚያ በፊት የነበረው ሕክምና ቢበዛ ጉዳቱን ያዘገይ ነበር፣ በዚህ ግን ከሦስት ሕመምተኞች አንዱ ያህል በሰሌዳው ላይ ሦስት ረድፍ ጨምሮ ማንበብ ቻለ። ጥያቄው ርካሹስ ያንኑ አይሠራም ወይ የሚል ነበር። ኩባንያው ይህን ለመመርመር አልፈለገም፤ ለምን ይፈልጋል? የ50 ዶላሩን ልጁን ለዓይን ቢያስመዘግብ የ2,000 ዶላሩን በገዛ እጁ መግደሉ ነው። ስለዚህ የአሜሪካ መንግሥት ብሔራዊ የዓይን ተቋም በራሱ ገንዘብ ሁለቱን አወዳደረ፤ ውጤቱ በ2011 ወጣ። ማየትን በመመለስ በኩል ልዩነት አልተገኘም። ከአቫስቲን ወገን ሆስፒታል የገቡት ቁጥር በመጠኑ ከፍ ብሎ ታይቷል፤ ሕመሞቹ ግን በአብዛኛው ከመድኃኒቱ አሠራር ጋር የሚያያዙ አልነበሩም። በ2013 የዓለም ጤና ድርጅት አቫስቲንን ለዓይን ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። በ2014 የጣሊያን የውድድር ባለሥልጣን የጄነንቴክ ባለቤት ሮሽና ሉሴንቲስን ከአሜሪካ ውጭ ይሸጥ የነበረው ኖቫርቲስ ተስማምተው የርካሹን አደጋ አጋንነዋል ብሎ ከ180 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ቀጣቸው። እንግሊዝ ውስጥም ኩባንያዎች የሰሜኑን የጤና አስተዳደሮች ርካሹን ለምን ታቀርባላችሁ ብለው ከስሰው በ2018 ተረቱ።

መርፌው ራሱ ከስሙ ይቀላል። ሕመምተኛው በጀርባው ይተኛል፤ ማደንዘዣ ጠብታ ይደረግለታል፤ ከዚያ አዮዲን ዓይኑና ሽፋሽፍቱ ላይ ይፈስሳል። አክስቴ እንባ አውጥታ ያማረረችው ይህን ነው እንጂ መርፌውን አይደለም። ሽፋኑ እንዳይከደን ትንሽ ብረት ይገባል፤ ሐኪሙ ከጥቁሩ ጠርዝ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ይለካል፤ «ወደ ላይ ይመልከቱ» ይላል፤ ከዚያ ጫን የማለት ስሜት ብቻ ነው። አልፎ አልፎ ክብ ጥቁር አረፋ ሲንሳፈፍ ይታያል፤ በቀናት ይጠፋል። መጀመሪያ በየወሩ ነው፤ እየቆየ ይራራቃል። በ2022 የመጣው ቫቢዝሞ የተባለ መድኃኒት ለአንዳንዱ እስከ አራት ወር ያራርቀዋል፤ ዋጋው ግን ሌላ ነው። ለደረቁ ዓይነት በ2023 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀዱት ሁለቱ መርፌዎች ጉዳቱን ያዘገያሉ እንጂ የጠፋውን አይመልሱም። ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጡት የዓይን ቪታሚኖች ደግሞ የሚጠቅሙት በሽታው መካከለኛ ደረጃ ላይ ለደረሰበት ሰው ነው፤ ጤነኛ ዓይን ላለው ገንዘብ ማባከን ናቸው።

እኛን ምን ያገባናል የሚል ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 ኢትዮጵያ ውስጥ በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ከዓይነ ስውርነት ምክንያቶች ግማሹን የያዘው የዓይን ሞራ ነው፤ የማኩላ መጎዳት 4.8 በመቶ ነው። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሰው ዕድሜው እየረዘመ ነው፤ ይኸው መርፌ ደግሞ በስኳር ሕመም ለተጎዳ ረቲናም የሚሰጥ ነው፤ ስኳር ደግሞ በየቤቱ ገብቷል። የዶላር እጥረት ባለበት አገር ውስጥ የሚቻለን የተካፈለው ብልቃጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄው የሚካፈለው የት ነው፣ በማን እጅ ነው የሚል ይሆናል።

በ2011 ማያሚ አካባቢ አንድ ፋርማሲ ያካፈለው አቫስቲን በባክቴሪያ ተበክሎ 12 ሰዎች ዓይናቸው አመረቀዘ። በመስከረም 2023 ፓኪስታን፣ ፑንጃብ ውስጥ ንጽሕናው ባልተጠበቀ ቦታ የተቀዳ መርፌ የተወጉ በርካታ ሕመምተኞች ማየት አጡ፤ አብዛኞቹ የስኳር ሕመምተኞች ነበሩ። ከዚያ የሰማሁት አቫስቲን አሳወረ የሚል ነበር። ያሳወረው መድኃኒቱ ሳይሆን አቀዳዱ ነው። ጨርሶ መከልከል ደግሞ ሕመምተኛውን ወደ ውዱ ሳይሆን ወደ ምንም ይመልሰዋል።

እኔ የምለው፣ ብልቃጡ በየክሊኒኩ ጠረጴዛ ላይ መከፈት የለበትም። በጥቂት ትልልቅ ሆስፒታሎች ፋርማሲ፣ አየሩ በሚጣራ ክፍል፣ ሥልጠና ባለው ባለሙያ ተቀድቶ፣ እያንዳንዱ መርፌ የብልቃጡ ቁጥርና የተቀዳበት ቀን ተለጥፎበት በቀዝቃዛ ሣጥን ይሠራጭ። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም የሚቆጣጠረው አንድ መቶ በር ሳይሆን አምስት በር ይሆናል። እስከዚያው ድረስ ወላጁን ይዞ የሚሄድ ልጅ መርፌው የት እንደተቀዳና መቼ እንደተቀዳ ይጠይቅ። ሐኪሙ ከመለሰ ጥሩ፤ በጥያቄው ከተቆጣ ሌላ ሐኪም መፈለግ ነው። ከመርፌው በኋላ ባሉት ቀናት ዓይን ቀልቶ ካመመና እይታ ከደበዘዘ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ መሄድ ነው።