የሚዲያ ሽፋን እንዲሰጠን ስለመጠየቅ

በብዙ አጥቢያዎች የልማት ክፍል መዝገብ ውስጥ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ይገኛል። «ጉዳዩ፡- የሚዲያ ሽፋን እንዲሰጠን ስለመጠየቅ» ይላል። ከዚያ ቤተ ክርስቲያኒቱ የተመሠረተችበት ዓመት፣ የአገልግሎት ክፍሎቿ ብዛት፣ በዕለቱ የሚገኙት የክብር እንግዶች ስም ከነማዕረጋቸው ይዘረዘራል። በመጨረሻም ለሚደረገው ትብብር ከወዲሁ ምስጋና ቀርቦ ይፈረማል፤ ማኅተም ያርፍበታል። ደብዳቤው ሬዲዮ ጣቢያው ይደርሳል፣ መዝገብ ቤት ቁጥር ይሰጠዋል፣ ጋዜጠኛ ግን አይመጣም። ያን ጊዜ «ስለ እኛ ማን ይዘግባል!» ብለን እናዝናለን። ኀዘናችን አልፎ አልፎ እውነት ሊኖረው ይችላል። ብዙውን ጊዜ ግን ደብዳቤያችን ለጋዜጠኛው የሚዘግበው ነገር አልሰጠውም።

«ቀድሞ ነገር የምንሰጠውን ለምን በሬዲዮ እናስነግራለን? ማቴዎስ 6ስ?» የሚል ወገን እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለመመስገን ከሆነ ደብዳቤው ባይጻፍ ይሻላል። ነገር ግን አንዲት እናት ሥልጠና መኖሩን ሳትሰማ ቀርታ ከሆነ፣ ወይም ባለሙያ የሚፈልግ ሰው ባለሙያዎቹ በጎረቤቱ መኖራቸውን ካላወቀ፣ ዝምታችንን ትሕትና ብሎ መጥራት ይከብደኛል።

ነገሩን ድሬዳዋ ላይ አስቀምጠን እንየው። ሳቢያን ያለች አንዲት አጥቢያ ባሎቻቸውን በሞት ያጡ 12 እናቶችን ልብስ ስፌት አስተምራ ልታስመርቅ ነው እንበል። የምረቃው ቀን ለእኛ ትልቅ ነው፤ መዘምራን አሉ፣ የምስክር ወረቀት አለ፣ ኬክም አይቀርም። የዜና ክፍል ኃላፊው ግን በጠዋቱ ስብሰባ ላይ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ የቤተ ክርስቲያኒቱ አባል ያልሆነ የመጋላ ነጋዴ ወይም የከዚራ ባጃጅ ሾፌር ይህን ለምን ይስማ? መዘምራኑም ኬኩም ለዚህ መልስ የላቸውም። ስለዚህ ደብዳቤው እንዲህ ቢሆንስ?

«ባሎቻቸውን በሞት ያጡ 12 የሳቢያን እናቶች ልብስ ስፌት ተምረው ጨርሰዋል። አራቱ የተማሪ ዩኒፎርም በትእዛዝ እየሰፉ ነው። ስምንቱ የስፌት መኪና ስለሌላቸው ሥራ አልጀመሩም። ከአራቱ አንዷ፣ የሦስት ልጆች እናት፣ ለመናገር ፈቃደኛ ናት፤ ማክሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ በሥራ ላይ ትገኛለች። አፋን ኦሮሞ የምትናገር ሌላ እናትም አለች።» ከዚህ ቀጥሎ የአንድ ሰው ስልክ ቁጥር፤ በቃ። የምሥረታውን ታሪክ ጋዜጠኛው ከፈለገው ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ሽማግሌዎች የሚሰርዙት ዓረፍተ ነገር የትኛው እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። ስለ ስምንቱ የሚናገረው ነው፤ ድክመታችንን ያሳያል ይባላል። በእኔ ግምት ግን ከደብዳቤው ሁሉ ዜና የሆነው እርሱ ነው። መኪና የሚያከራይ፣ የሚያበድር ወይም ቆሞ የቀረ ሲንጀር በቤቱ ያለው ሰው የሚሰማው ያንን ነው። ደግሞም ጋዜጠኛ ሁሉ መልካም የሆነበትን ደብዳቤ ይጠራጠራል፤ ልክም ነው። ጊዜውንም አስቡ። ይህ ደብዳቤ በጥር ቢገባ ማንም አያነሣው ይሆናል። በነሐሴ ከገባ ግን ወላጅ ሁሉ ስለ ዩኒፎርም እያሰበ ነው።

ቁጥር ብቻውን ልብ እንደማይነካ ከአገራችን ታሪክ የምናውቀው መራራ ምሳሌ አለ። በመጋቢት 1976 ዓ.ም. በኮሚሽነር ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ የሚመራው የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ከአምስት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለረሃብ መጋለጡን ለለጋሾች አስታወቀ። ቁጥሩ ትክክል ነበር፣ ሰነዱም ተዘጋጅቶ ነበር። የመጣው ምላሽ ግን ከሚያስፈልገው እጅግ ያነሰ ነበር። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ የምዕራባውያን መንግሥታት ደርግን አያምኑም ነበር፣ መንግሥትም በበኩሉ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በዓል በማዘጋጀት ተጠምዶ ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን እንዳይሄዱ ይከለክል ነበር። ከበዓሉ በኋላ ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ማይክል በርክ ኮረምና መቀሌ ደረሱ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ የታየው ዘገባ ሰባት ደቂቃ ያህል ነበር። በዚያ የኮረም ንጋት ብርድ የተቀመጡትን ሰዎች ፊት ዓለም አየ። ከዚያ በኋላ በብዙ አገሮች ያሉ ከ400 በላይ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች አሳዩት፣ እርዳታውም ጎረፈ። ቁጥሩ ከመጋቢት ጀምሮ በለጋሾች እጅ ነበር፤ ጥቅምት ላይ የተጨመረው የሰው ፊት ነው።

ነገር ግን የሰው ፊት የእኛ ንብረት አይደለም። በዚያው በ1977 ዓ.ም. የካናዳ ቴሌቪዥን ትግራይ ውስጥ ለሞት የተቃረበች አንዲት ሕፃን ቀረጸ። ምስሏም በቀጣዩ ሐምሌ በላይቭ ኤይድ የሙዚቃ ዝግጅት ላይ በሚሊዮን ለሚቆጠር ተመልካች ታየ። ልጅቷ ተረፈች። ስሟ ብርሃን ወልዱ ነው፤ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 2005 ለንደን በተደረገው ላይቭ ኤይት መድረክ ላይ አድጋ፣ ቆማ ታየች። በሞት አፋፍ ያለች ሕፃን ፈቃዷን ልትጠየቅ አትችልም፤ አስቸኳይ ጊዜም ነበር። የሳቢያኗ እናት ግን ልትጠየቅ ትችላለች። ጋዜጠኛው ከመጠራቱ በፊት፣ ደብዳቤውም ከመጻፉ በፊት ትጠየቅ። «እኅቴ፣ ጎረቤቶችሽ ይሰሙታል፣ የልጆችሽ አስተማሪ ይሰማዋል፣ የባልሽ ዘመዶችም ይሰሙታል፤ ምን እንዳይነገር ትፈልጊያለሽ?» ብላችሁ። በተለይ ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ወገኖችን በተመለከተ በጉባኤ ፊት የተሰጠ ምስክርነት በሬዲዮ እንዲነገር የተሰጠ ፈቃድ ነው ብላችሁ አትውሰዱት። እርዳታ የሚቀበል ሰው ለሚረዳው «አይሆንም» ማለት ይከብደዋልና፣ ጠያቂው እርዳታውን የሚያከፋፍለው ሰው ባይሆን ይመረጣል። እምቢ ካለችም ዩኒፎርሟን መስፋቷን ትቀጥል፤ ዜናው ይቅር።

ለባለትዳሮች አንድ ቃል ልጨምር። በብዙ ቤት ደብዳቤውን የሚያረቅቀው አቶ ባል ነው፤ ታሪኩን የምታውቀው ግን ቤት ለቤት የምትዞረው ወይዘሮ ናት። ስለዚህ ማታ ከራት በኋላ እርሷ ትናገር፣ እርሱ ይጻፍ። እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አዲስ አበባ የመጡትን ባልና ሚስት ዶክተር ሬጂናልድንና ዶክተር ካትሪን ሐምሊንን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ2004 ዶክተር ካትሪን በኦፕራ ዊንፍሬይ የቴሌቪዥን ዝግጅት ቀርበው ሥራቸው በዓለም ሲሰማ፣ ከተመልካቹ ልብ የደረሰው የሆስፒታሉ አልጋ ብዛት አልነበረም። ለቀናት አምጣ ልጇን ያጣች፣ ሽንቷን መቆጣጠር አቅቷት ባሏ የተዋት ወጣት ታሪክ ነበር። እርሱን ለመናገር ደግሞ በሽተኛዋ አጠገብ ተቀምጦ መስማት ያስፈልጋል።

ወደ ድሬዳዋ እንመለስ። የከተማዋ ሬዲዮ ኤፍ ኤም ድሬ 106.1 በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማልኛ ያሰራጫል፤ አጥቢያዎቻችን ግን ብዙ ጊዜ አማርኛ ተናጋሪ ብቻ ያቀርባሉ። ሦስቱን ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎችን ይዞ የመጣ ሰው የሦስት ዝግጅት ክፍሎችን ሥራ አቀለለ። ለሬዲዮ የመኪናው ድምፅ፣ የሴትዮዋ ድምፅ ይበቃል፤ የመሪው ንግግር ከሁለት ደቂቃ አይለፍ። ለቴሌቪዥን የሚታይ ሥራ ያስፈልጋል። አዳራሽ ውስጥ ተሰልፎ የተቀመጠ ሰው ምን ይታያል? ስልክ ስትደውሉ ዜና ሊነበብ ደቂቃዎች ሲቀሩት አይሁን። አንድ ጊዜ አስታውሱ፣ መልስ ከሌለ ተዉት፤ ለሌላ ጊዜ ሌላ ታሪክ ይኖራችኋል። ከመሰራጨቱ በፊት እንየው ማለትም ጋዜጠኛውን ያስቀይማል። ስሕተት ከተነገረ በኋላ ግን ማረሚያ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ከተማዋ የማትረሳው ቀን ደግሞ አለ። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ፣ በደንገጎ በኩል ካለው ደጋ የዘነበው ዝናብ በደቻቱ ወርዶ ተኝቶ የነበረውን ሕዝብ ወሰደ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ቤት አልባ ሆኑ። ያን ሰሞን ጋዜጠኛ ለመጥራት ደብዳቤ አላስፈለገም። የዜና ሰው ግን ወደ ሌላ ዜና ይሄዳል፤ ወላጅ አልባ ልጅ ማሳደጉ፣ ቤት መሥራቱ፣ ሌሊት ዝናብ በሰሙ ቁጥር መደንገጡ ከቤተሰቡ ጋር ይቀራል። ክረምት በገባ ቁጥር፣ ሐምሌ 30 ሲቃረብ፣ «እነዚያ ሰዎች የት ደረሱ?» የሚለው ጥያቄ እንደገና ዜና ይሆናል። በአጥቢያችሁ ያን ሌሊት ያለፈና ለመናገር የፈቀደ ሰው ካለ፣ ወይም ልጆች በክረምት ከአሸዋው እንዲርቁ የምታስተምሩ ከሆነ፣ ስልኩን በሐምሌ አጋማሽ ደውሉ። የቤተ ክርስቲያናችሁን ባነር ግን ከኋላው አትስቀሉ። ያ ኀዘን የሙስሊሙም የክርስቲያኑም፣ የመላው ድሬ ነው።

የቀረው ስለ ፖስታው ነው። በየዝግጅቱ ለጋዜጠኛ «የትራንስፖርት» ተብሎ በፖስታ ገንዘብ መስጠት የተለመደ ሆኗል። ቦታው ከከተማ ውጭ ከሆነ በመኪናችሁ መውሰድ፣ ከሌላው እንግዳ ጋር ምሳ ማብላት በግልጽ የሚደረግ ነገር ነው። በመውጫው በር ላይ በእጅ የሚጨበጠው ፖስታ ግን ሌላ ነው። በበጀታችሁ ላይ በስሙ ልትጽፉት የምታፍሩ ከሆነ አትስጡት። በዚህ ምክንያት የማይመጣ ጋዜጠኛ ሊኖር ይችላል፤ ይቅር። የሚመጣውም ገንዘቡ ከየት እንደመጣ፣ ስንት እንደወጣ ይጠይቃችኋል፤ ሒሳብ ያዡን ያን ቀን ከቢሮ አታርቁት።

ዘገባው የሚተላለፍበትን ሰዓት ስታውቁ መጀመሪያ ለእናትየዋ ንገሯት። በማግስቱም ወደ ጣቢያው ለምስጋና ከመደወላችሁ በፊት ቤቷ ሄዳችሁ ጎረቤቶቿ ምን እንዳሏት ጠይቋት።