የጓሮዋ ቆርቆሮ ቤት እንደ ምጣድ እንዳትግል

በጋው ሲከርር ሁላችንም ስለ ሳሎናችንና ስለ መኝታ ክፍላችን ሙቀት እናወራለን። ከጓሮ ያለችውን ቆርቆሮ ቤት ግን የሚያስታውሳት የለም። የተረፈው ቀለም፣ የልጆቹ ብስክሌት፣ የበርበሬው ጆንያ ያለው እሷ ውስጥ ነው። በአንዳንድ ግቢ ደግሞ ዘበኛው ወይም የቤት ሠራተኛዋ የሚያርፉት እዚያው ነው። ስለዚህ የዛሬው ጉዳያችን የዕቃ ብቻ አይደለም።

በማርኬቲንግ ሙያ ላይ ስላለሁ፣ ሰው ችግሩን ሳይለይ መፍትሔ ሲገዛ ዘወትር አያለሁ። ለቆርቆሮ ቤት ማራገቢያ መግዛትም እንዲሁ ነው፤ የጋለውን አየር ከማመላለስ አያልፍም። መጀመሪያ ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ እንወቅ።

አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት። በሚያዝያ መጀመሪያ ቀትር ላይ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ አናታችን ላይ ትቆማለች። በዚያ ሰዓት ግድግዳው ብዙም አይመታም፤ መከራውን የሚያየው ጣሪያው ነው። ቀጭን ቆርቆሮ ደግሞ ቶሎ ይግልና ሙቀቱን ወደ ታች ይለቀዋል። እንግዲያው ሥራው የሚጀምረው ከላይ ነው።

አንደኛ፣ ጣሪያውን ነጭ ቀቡት። የዛገ ቆርቆሮ ፀሐይን ይስባል፣ ነጭ ቀለም ግን አብዛኛውን ይመልሳል። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አስፍቃችሁ፣ አንቲረስት አስቀብታችሁ፣ ከላዩ ነጭ የቆርቆሮ ቀለም ሁለት ጊዜ ይደረግበት። ከዘረዘርኩት ሁሉ በትንሽ ወጪ ብዙ ለውጥ የሚያመጣው ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ ኮርኒስ አሠሩ። ችፑድም ይሁን የድሮው አቡጀዲ፣ ዋናው ነገር ከቆርቆሮው ጋር አለመጣበቁ ነው። ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍተት ይተውና በሁለቱም ጫፍ አየር መውጫ ይኑረው። ኮርኒሱ የኅዳርና የታኅሣሥን የሌሊት ብርድም ስለሚቀንስ ወጪው ሁለት ጊዜ ይመለሳል። የኤሌክትሪክ መስመር በሚያልፍበት ቦታ ግን ስፖንጅና ካርቶን አትጠቅጥቁ፤ የእሳት አደጋ ያመጣል።

ሦስተኛ፣ አየሩ መግቢያና መውጫ ይኑረው። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ጥላ ባለበት በኩል ከታች አንድ ቀዳዳ፣ በተቃራኒው ግድግዳ ደግሞ ከላይ ሌላ ቀዳዳ ይከፈት። አይጥና ትንኝ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ይሸፈን።

አራተኛ፣ የምዕራቡን ግድግዳ ጥላ አልብሱት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ የምትመታው እሱን ነው። ፓሽን ፍሩት ብትተክሉ ጥላም ፍሬም ታገኛላችሁ። ተክሉ ቆርቆሮው ላይ ተለጥፎ እርጥበት ከያዘ ስለሚያዝገው፣ ከግድግዳው ትንሽ ራቅ ባለ ሽቦ ላይ ይሳብ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም እዚያ መቀመጥ የሌለባቸው ነገሮች አሉ። ብዙ መድኃኒቶች ከ30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች እንዲቀመጡ ማሸጊያቸው ላይ ተጽፏል። የነፍሳት መግደያና ሌላ የሚረጭ ቆርቆሮ ላይም ከ50 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ የሚል ማስጠንቀቂያ ታገኛላችሁ። የቡታ ጋዝ ሲሊንደር ደግሞ ከተዘጋ ክፍል ወጥቶ፣ አየር በሚያገኝና ጥላ በሆነ ቦታ ቀጥ ብሎ ይቁም።

ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ሞክሩ። ፀሐይ በጠናበት ቀን፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ ቴርሞሜትር ይዛችሁ ክፍሏ ውስጥ ለአሥር ደቂቃ ተቀመጡ። ቁጥሩን ጻፉት። ጣሪያው ከተቀባ በኋላ ተመሳሳይ ቀን መርጣችሁ ድገሙት። አሥር ደቂቃ ለእናንተ ከከበዳችሁ፣ የዕረፍት ሰዓቷን እዚያ የምታሳልፈው ልጅ እስከዚያ ድረስ ሌላ ማረፊያ ትፈልጋለች።