መርጃን፦ ድንጋይ የሚያበጀው እንስሳ

ለሐጅም ሆነ ለሥራ ወደ ጅዳ የተጓዘ ሰው አል-በለድ በሚባለው አሮጌ ሰፈር የነባር ቤቶቹን ግድግዳ ጠጋ ብሎ ቢመለከት፣ ድንጋዩ እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ሆኖ ያገኘዋል። በምጽዋና በሱዋኪን ያሉ ጥንታዊ ቤቶችና መስጊዶችም በዚሁ ዓይነት ድንጋይ የታነጹ ናቸው። ድንጋዩ ከተራራ የተፈለጠ አይደለም፤ ከቀይ ባሕር የወጣ ነው። ያበጁትም እንስሳት ናቸው።

መርጃን (ኮራል) የሚለው ስም ለአንባቢያችን እንግዳ አይደለም። በሱረቱ አር-ረሕማን ከሉል ጋር ተጠቅሷል። ከሙፈሲሮች ከፊሎቹ ቃሉን ትንንሽ ሉል ብለው ሲፈቱት፣ ሌሎቹ ቀዩ መርጃን ነው ብለዋል። ቀዩ መርጃን በሜዲትራኒያን ባሕር የሚገኘው፣ ሙስበሃና ጌጥ የሚሠራበት ነው። የጅዳ ቤቶች የተሠሩበት የቀይ ባሕር መርጃን የእርሱ ዘመድ እንጂ እርሱ ራሱ አይደለም።

ሰዎች መርጃን ዕፅ ይሁን ማዕድን መለየት ተስኗቸው ብዙ ዘመን ኖረዋል። በ11ኛው ክፍለ ዘመን ታላቁ ሊቅ አል-ቢሩኒ፣ ሲነኩት ምላሽ ይሰጣልና ከእንስሳት ወገን ነው ማለቱ ይጠቀስለታል። በአውሮፓ ግን ዣን አንድሬ ፔሶኔል የተባለ የማርሴይ ሐኪም በ1720ዎቹ «አበባ» የሚባለው ነገር እንስሳ መሆኑን ተመልክቶ ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ቢያሳውቅ ተቀባይ አላገኘም። ነገሩ የተለወጠው በ1740ዎቹ ነው። አብርሃም ትሬምብሌይ በኩሬ ውኃ የምትኖረውን ሃይድራ ቆራርጦ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ አድጎ ሙሉ እንስሳ ሲሆን አሳየ። ያኔ የፔሶኔል ቃል እውነት መሆኑ ታመነ።

ፖሊፕ የሚባለው ይህ እንስሳ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይበልጥም። አካሉ እንደ ከረጢት ነው። አንድ ቀዳዳ ብቻ ስላለው የበላበት አፍ ትርፉን የሚያስወጣበትም ነው። ልብ የለውም፤ ደም የለውም፤ አንጎልም የለውም። ግን ከባሕሩ ውኃ ካልሲየም እየወሰደ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ ያነጥፋል። እርሱ ሲሞት ሌላው በላዩ ይሠራል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ በሺህ ዓመታት ውስጥ መርከብ የሚሰብር ዐለት ይሆናል።

ይኸው ከረጢት አፉን ወደ ታች ደፍቶ ሲንሳፈፍ ደግሞ ጄሊፊሽ ነው ማለት ይቻላል። ዐረቦች «ቀንዲል አል-በሕር»፣ የባሕር ቀንዲል ይሉታል። ከአካሉ 95 በመቶ ያህሉ ውኃ ነው። ብዙዎቹ ጄሊፊሾች ሕይወታቸውን የሚጀምሩት ዐለት ላይ በተጣበቀ ትንሽ ፖሊፕ ነው፤ ከዚያም ፖሊፑ እንደ ተደራረበ ሳህን እየተነባበረ አንድ በአንድ ይለቃቸዋል። መርጃን ግን ዕድሜውን ሙሉ ፖሊፕ እንደሆነ ይኖራል። ከሁሉ የሚገርመው ቱሪቶፕሲስ ዶርኒ የተባለው ነው። ሲጎዳ ወይም ሲራብ ወደ ፖሊፕነቱ ተመልሶ ሕይወትን እንደገና ይጀምራል!

ጄሊፊሽ፣ መርጃን፣ አኔሞኒና ሃይድራ ከ10 ሺህ በላይ ዝርያዎች ያሉት የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ሳይንስ ለቤተሰቡ ያወጣለት ስም ሳማ ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ስሙም ያለ ምክንያት አልተሰጠም። በክሮቻቸው ላይ እንደ ጦር የተጠቀለለ መርዛማ ቱቦ የያዙ ሕዋሳት ሞልተዋል፤ ሲነኩም ጦሩ ከሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ ባነሰ ጊዜ ይወረወራል። በሰሜን አውስትራሊያ ያለው ባለ ሣጥን ጄሊፊሽ ሰውን በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። በታንጋኒካ ሐይቅ ያለው ትንሹ የጨው አልባ ውኃ ጄሊፊሽ ግን እዚህ ግባ የሚባል ጉዳት የለውም።

ወላጆች፣ በጅዳ ወይም በጅቡቲ ዳርቻ ልጆቻችሁ ሲጫወቱ ይህን ልብ በሉ፦ አሸዋ ላይ ሞቶ የወደቀ ጄሊፊሽም ይናደፋል። የተነደፈውን ቦታ አትሹት፤ በቧንቧ ውኃም አትጠቡት፤ ያልተወረወረውን ጦር ያስወረውራልና። በባሕር ውኃ አለቅልቁት፤ የቀረውን ክር በወረንጦ አንሱ፤ ቀጥሎም በማያቃጥል፣ ከ45 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቅ ውኃ ለ20 ደቂቃ ያህል ንከሩት። ትንፋሽ ካጠረው ወይም ፊቱ ካበጠ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ወደ መርጃን እንመለስ። የፖሊፑን ሥጋ ተከራይተው የሚኖሩ ደቃቅ ዋቅላሚዎች አሉ። ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ሠርተው ለፖሊፑ ያካፍሉታል፤ ቀለሙም በአብዛኛው ከእነርሱ ነው። የባሕሩ ሙቀት ከተለመደው የበጋ ጣሪያ በ1 ወይም በ2 ዲግሪ ብቻ አልፎ ለሳምንታት ከቆየ ፖሊፑ ዋቅላሚዎቹን ያስወጣቸዋል። ያኔ ነጭ አጥንት ይመስላል፤ ሙቀቱ ቶሎ ካልበረደም በረሃብ ይሞታል። እንዲህ ያለው ንጣት በዓለም ዙሪያ በ1998፣ በ2010፣ ከ2014 እስከ 2017 ደርሷል፤ አራተኛው ከ2023 ጀምሮ መድረሱም በሚያዝያ 2024 ታውጇል (ዓመታቱ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የመርጃን ዐለቶች ከባሕር ወለል 1 በመቶ እንኳ ሳይሸፍኑ ከባሕር ፍጥረታት ሩብ ያህሉን የሚያስጠልሉ በመሆናቸው፣ የጉዳቱ ዳፋ ለዓሣ አጥማጁም ይተርፋል።

በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ በዐቃባ ባሕረ ሰላጤ ያለው መርጃን ግን ለየት ይላል። በሙከራ ገንዳ ውስጥ ከበጋው ሙቀት 5 ዲግሪ ያህል ሲጨመርበት እንኳ ታግሦ ታይቷል። ተመራማሪዎች የሚሰጡት ምክንያት እንዲህ ነው። በበረዶ ዘመን የባሕሩ መጠን ከ100 ሜትር በላይ ወርዶ ቀይ ባሕር እጅግ ጨዋማ በሆነ ጊዜ መርጃኑ አለቀ። በኋላ ውኃው ሲመለስ እጮቹ የገቡት በባብ አል-መንደብ፣ እጅግ በሚሞቀው በደቡቡ በር በኩል ነው። ያን ሙቀት ያለፉት ብቻ ናቸው ወደ ቀዝቃዛው ሰሜን የደረሱት። ይህ ትዕግሥታቸው ግን ለሙቀት ነው። ከወደብ ከሚፈስ ዘይት፣ ከከተማ ከሚለቀቅ ፍሳሽና በላያቸው ከሚጎተት የመርከብ መልሕቅ አያድናቸውም።